ተገልብጦ የኖረው ማሽን

ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ሳሎን ተቀምጠን ሳለ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር እኔ አላወቅኩም፤ ያወቀው አባቴ ነው። ግላኮማ ዐይኖቹን ከወሰደበት ወዲህ ቤቱን የሚከታተለው በጆሮው ነው። "ፍሪጁ ዝም አለ" አለኝ። ቀጥሎም ሲያስብበት የከረመ በሚመስል ድምፅ፣ "ያ የሰኢድ ማሽን ግን የት ደረሰ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴ ያንን ማሽን ከአፉ ካወጣው ሃያ ዓመት ያልፋል። ሻማ ፍለጋ ተነሳሁ። ለእሱ ሻማ ምንም እንደማያደርግለት ትዝ ያለኝ ክብሪቱን ከጫርኩ በኋላ ነው። እፍ ብዬ አጠፋሁትና ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አላመጣሁም። አባቴ፣ ጋሽ ተፈራ፣ ሸማ ተራ ሱቅ ነበረው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታ ይሸጣል። የሚሸጠውን ጥለት ለሸማኔዎቹ የሚያዘው ራሱ ነው፤ እሱም በወረቀት ሳይሆን በአፉ። "ከዳር ቅጠልያ፣ ጠበብ አድርገው፤ ቀጥሎ ወርቃማ፤ መሃሉን ቀይ ሙላው" እያለ ይነግራል፣ ሸማኔው ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ "ገባኝ" ይላል፣ ይሄዳል። ነጠላው ተሠርቶ ሲመጣ አባቴ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሕልም የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ሱቁን ግን አልወደድኩትም። የአዲስ ጥጥ ብናኝ ያስነጥሰኛል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ንግድ አለመቻሌ ነው። ደንበኛ "ኧረ ውድ ነው!" ሲለኝ ትክክል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም "እውነትዎን ነው እትዬ" ብዬ መለስኩ። አባቴ ከጀርባዬ ሆኖ የሳለው ሳል እስካሁን ይሰማኛል።

ልቤ ያለው ሲኒማ ራስ ጀርባ፣ የሰኢድ ጌም ቤት ነበር። ሰኢድ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገነ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ጌም ያጫውታል። አዲስ ዓይነት የጌም ማሽን ገበያው ውስጥ ከገባ ወዲህ ልጆቹ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀምረው ነበርና የእሱ አሮጌዎቹ ጠዋት ጠዋት ሥራ ፈትተው ይውላሉ።

ያኔ ያልነበረ ሰው የማይገባው አንድ ነገር አለ። እነዚያ ማሽኖች ዲስክ የሚያነቡበት ዐይን አላቸው፤ ማሽኑ ሲያረጅ ዐይኑ ይደክምና ዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይታየውም። መድኃኒቱን መርካቶ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ማሽኑን በጀርባው መገልበጥ ነው። ሲገለበጥ ዐይኑ ወደ ዲስኩ ጠጋ ይልና ያነባል። መጀመሪያ ማን እንደሞከረው እንጃ፣ ግን በየጌም ቤቱ ማሽኖቹ ሁሉ እግራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ነበር የሚሠሩት። እኔ ራሴ የማሽኑን የላይኛውን ፊት በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለዚሁ ማሽን ሳነብ፣ በውጭ አገር ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አወቅኩ። ከፋብሪካው የወጣውን ጌም መጫወት አልበቃ ብሏቸው የራሳቸውን ፕሮግራም በማሽኑ ላይ ማስኬጃ መንገድ አበጅተዋል። ለዚህ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ፕሮግራምም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። ጌም ሲጫወቱ እንዳይሞቱ የሚያደርግ፣ ከማሽኑ ጀርባ የሚሰካ አንድ ማጭበርበሪያ ካርድ አለ፤ ካርዱን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ ከዚያ የጻፉትን መላክ ነው። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ መርካቶ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሌላው የሠራውን ብቻ የሚያሳይ የመሰለኝ ዕቃ፣ ለካ ቢነግሩትም ይሰማል! ይህን ማመን አቅቶኝ ነበር።

ካርዱን ሩቅ መፈለግ አላስፈለገኝም። ሰኢድ ከዱባይ በመጣ የአሮጌ ዕቃ ካርቶን ውስጥ አግኝቶት፣ ምን እንደሆነ ስላላወቀ፣ አንድ እግሩ ያጠረበትን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አስደግፎበታል። ጎንበስ ብዬ ስስበው "አንተ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥኔን ልትጥልብኝ ነው?" ብሎ ጮኸ። ምን እንደሆነ ስነግረው ግን በጠረጴዛው እግር ሥር ያጣጠፈውን ካርቶን ሸጉጦ መጣና ከእኔ ብሶ ይጠይቀኝ ጀመር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አባቴ አስቀምጦ አናገረኝ።

"ይሄ ጌም ምን ያደርግልሃል?"

"ልጫወትበት አይደለም አባዬ፤ የራሴን ነገር ልሠራበት ነው።"

"የራስህን ምን?"

"እኔ ያልኩትን እንዲያሳይ።"

አባቴ የያዘውን ጋቢ አጥፎ ጨረሰ። "እስከ ፋሲካ እታገስሃለሁ" አለ። "ያልከውን ካሳየኸኝ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ። ካላሳየኸኝ ከዳግም ትንሳኤ ጀምሮ ሱቅ ትገባለህ፤ ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አታነሳብኝም።"

አባቴ ሲቆጣ ይረሳዋል፤ ረጋ ብሎ የተናገረውን ግን አጥፎ አያውቅም። ስለዚህ ሁዳዴው ለእኔ ከጾምም በላይ ሆነብኝ። ጠዋት ሱቅ፣ ከሰዓት ሰኢድ ዘንድ። ሰኢድ ጾም የለበትምና የእንቁላል ሳንዱቹን ሆን ብሎ ቀስ እያለ አጠገቤ ይበላል፤ እኔ ከአትክልት ተራ በኩል ከሚመጣ ሻጭ የምስር ሳምቡሳ እገዛለሁ። "ማሽኑ ራሱ አዘነልህ" ይለኛል አፉ ውስጥ እንቁላል እንደያዘ።

መሣሪያውን ከፒያሳ በፍሎፒ ቀዳሁ። የመጀመሪያዎቹን ፍሎፒዎች ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ መያዝ ሰልችቶኝ ስፒከሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ መርካቶ ስደርስ የስፒከሩ ማግኔት አጥፍቷቸው አንዳቸውም አልተነበቡም። ሁለተኛውን ጉዞ ፍሎፒዎቹን ደረቴ ላይ አቅፌ መጣሁ። ሰኢድ ሙዚቃ ሊቀዳበት የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው፤ በእሱ ላይ ጫንናቸው። ገመዱ ግን እንደምንፈልገው ዓይነት ገበያ ውስጥ አልተገኘም። "ችግር የለም፣ እሠራዋለሁ" አለ ሰኢድ። ካርዱን ማሽኑ ላይ ሰካ፤ ካርዱ ላይ ያሉትን የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎች እያየ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሳላቸው፤ ከግራ ጀምሮ ቁጥር ሰጣቸው፤ በዚያው መሠረት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በየደ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ሰኢድ የበየደው ነገር ሲላቀቅ አይቼ አላውቅም።

ሰካነው። ኮምፒውተሩ "እየጠበቅኩ ነው" የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አወጣ። ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ማሽኑ ምንም አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በዚያች አንዲት ቃል ፊት አለፉ። ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ሌላ ካርድ የሚሸጥ ካለ ብዬ አሮጌ ዕቃ የሚነገድበትን ሁሉ አሰስኩ። ሰኢድ ገመዱን ፈትቶ መረመረው፤ ሁሉም ሽቦ እንደ ሥዕሉ ነው። ደብረ ዘይት አለፈ፣ ሆሳዕና መጣ፣ ልጆች የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው በጌም ቤቱ ደጃፍ አለፉ። እኔ በውስጤ ሱቅ ገብቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቴን ሳየው ምንም አይለኝም፤ አለመጠየቁ ነው የከበደኝ። የቀረውን ዕድሜዬን "እውነትዎን ነው እትዬ" ስል ታየኝና አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፤ የሰኢድ ጌም ቤት በስተጀርባ፣ ሰው አላየኝም።

የሕማማት ማክሰኞ ሱቁ ከፋሲካ በፊት እንደሚሆነው ሆኖ ነበር። ሰው በሰው ላይ ነው፤ አባቴ ለሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይመልሳል። እትዬ አስካለ ገቡ። የድሮ ደንበኛችን ናቸው፤ በዚያ ዓመት ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው አርፈዋል። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት፤ ጥለቱ ታች መውረዱ ቀርቶ ላይ፣ አንገታቸው ሥር ሆኗል።

"ለልጄ ነው" አሉኝ። "እኔ አሁን ምን አደርግበታለሁ። እንደዚህ እንደኔው ያለ፣ ያኔ ከአባትህ የወሰድኩትን ዓይነት።"

ፈልጌ አገኘሁላቸውና ፊታቸው ዘርግቼ ያዝኩት። ያው ጥለት ነው። ግን የእሳቸው አንገታቸው ሥር ከላይ ቅጠልያ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ከታች ቀይ ነው፤ እኔ የያዝኩት ከላይ ቀይ፣ ከታች ቅጠልያ። "ያው ነው?" አሉኝ ተጠራጥረው። "ያው ነው እትዬ፤ የእርስዎ ስለተዘቀዘቀ..." ብዬ ጀመርኩና አረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም።

ሰኢድ ቀዳዳዎቹን የሳለው ማሽኑ ተገልብጦ ሳለ ነው።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! የመርካቶ ልጆች ነን፤ ማሽን ማለት ለእኛ የተገለበጠ ማሽን ነው። ከግራ ጀምሮ ቁጥር ሲሰጥ ግራው ቀኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሽቦ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው የሄደው። ያን ማሽን ለዲስክ ነው የምንገለብጠው፤ እኛ ደግሞ ዲስክ እንኳ አላስገባንበትም። በገመድ ለሚላክ ነገር መገልበጡ ምንም አይፈይድም ነበር። የገለበጥነው ስለለመድን ብቻ ነው።

ሮጥኩ። ከኋላዬ አባቴ "ዳኜ! ነጠላውን!" ሲል ሰማሁት፤ ነጠላው እጄ ላይ እንዳለ ያወቅኩት ግን ሲኒማ ራስ ደርሼ ነው። ተሸካሚዎች "ዞር በል!" እያሉ ሲጮሁብኝ፣ ነጭ ነጠላ ክንዴ ላይ ተጥሎ፣ በጌም ቤቱ በር ገባሁ።

"ገልብጠው!"

ሰኢድ ቀና ብሎ አየኝ። "ምኑን?"

"ማሽኑን!"

"አቦ፣ ተገልብጦ የለም እንዴ?"

"እኮ! መልሰህ ገልብጠው!"

ትንሽ ወሰደበት። ከዚያ የሲጋራ ፓኮውን አወጣና አየው፣ ማሽኑን አየው፣ ፓኮውን አዞረና እንደገና አየው። ግንባሩን በመዳፉ መታና መበየጃውን ሊያሞቅ ተነሳ።

ሽቦዎቹ ተቀያይረው እስኪያልቁ ጀንበሯ አዘቀዘቀች። ማሽኑን በእግሩ አቆምነው፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የማላውቀው ዕቃ መሰለኝ። ኮምፒውተሩ "እየጠበቅኩ ነው" አለ፤ ከዚያ ቃሉ ተለወጠ። የላክኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ጥቁር መስኮት መሃል አንድ ቀይ አራት ማዕዘን። ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጭ አለ። ሰኢድ "ይሄው ነው?" አለኝ። "ይሄው ነው" አልኩት። ሁለታችንም ከቀዩ ነገር ላይ ዐይናችንን ማንሳት አቃተን። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ፣ ከዚያ ወዲህ በሠራኋቸው ትልልቅ ፕሮግራሞች አልተሰማኝም።

ለአባቴ ምን እንደማሳየው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ጥለት ሠራሁ። ለእትዬ አስካለ ያወጣሁትን ነጠላ ፊቴ ዘርግቼ፣ አንዱን ክር በአንድ ነጥብ እየተካሁ፣ የቀሩትን የሕማማት ቀናት ሁሉ እሱን ስሠራ ዋልኩ። ዐርብ ሰው ሁሉ ሲሰግድ ውሎ ሲመለስ ለአባቴ "ጥለት ሠራሁ፣ መጥተህ እየው" አልኩት።

"ነገ እመጣለሁ።"

"ነገ? ቅዳም ስዑር? ሱቁስ?"

"ከፋሲካ በፊት ነው ያልኩህ" አለ።

የዓመቱ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ሸማ ተራ በዚያ ቀን ሱቅ የሚዘጋ ሰው፣ ቤቱ ተቃጥሎበት ካልሆነ በስተቀር፣ ጤናውን ይጠየቃል። አባቴ ግን እኩለ ቀን ላይ መዝጊያውን ስቦ፣ ካህናቱ የሰጡትን ቄጤማ ግንባሩ ላይ እንዳሰረ፣ ጎንበስ ብሎ በጌም ቤቱ በር ገባ። ሰኢድ ልጆቹን አስወጥቶ ቤቱን ጠርጎ ጠበቀው። አባቴ የልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ኮምፒውተሩን አበራሁ። ቴሌቪዥኑ ነጣ አለና፣ ጥለቱ ሊወጣበት መስኮቱ ሲጠቁር፣ መብራት ሄደ።

"ምን ሆነ?" አለ አባቴ።

"መብራት ሄደ።"

"ይመጣል።"

ተቀመጥን። ከውጭ የበግ ጩኸት፣ የዶሮ ነጋዴ ጩኸት፣ የገበያው ግርግር ይሰማል። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል። ሰኢድ ጭንቀት ያዘው። "ጋሽ ተፈራ፣ ሻይ ላስመጣልዎት?" አለ። "አክፍያለሁ ልጄ፣ ተባረክ" አለው አባቴ፤ ለካ ከዐርብ ጀምሮ እህል ውኃ በአፉ አልዞረም። አንድ ልጅ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ በእግሩ የቆመውን ማሽን አየና "ሰኢዶ፣ ጌሙ ተገልብጧል እኮ!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

እኔ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። አባቴ መጠበቅ የማይወድ ሰው ነው፤ አሁን ግን እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መብራት ይጠብቃል፣ ሱቁ ደጃፍ ደግሞ ሰው እሱን ይጠብቃል። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እግሩን አፍታቶ ተነሳ፤ "በቃ፣ አይቻለሁ" አለና ወጣ።

ምኑን እንዳየ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ። መብራቱ የመጣው ሰው ለቤተ ክርስቲያን ነጭ መልበስ ሲጀምር ነው። ጥለቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ሰኢድ አየው፣ እኔ አየሁት። ከፋሲካ በኋላ አባቴ አንድ ጠዋት ጫማውን አስጠርጎ ጠበቀኝና የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ወስዶ አስመዘገበኝ። ያ ትምህርት ነው እስከ ዛሬ እንጀራዬ የሆነው። ሰኢድ ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ሞባይል ንግድ ሲገባ ማሽኑም ካርዱም ከአሮጌ ዕቃ ጋር ሄዱ። ስለዚያች ቅዳሜ ከአባቴ ጋር አንስተን አናውቅም።

"ማሽኑ የለም አባዬ" አልኩት እንግዲህ በዚያ የሐምሌ ከሰዓት። "ሰኢድ ድሮ ሸጦታል።"

"ውይ" አለ። ከልቡ ያዘነ መሰለ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ጠየቅኩት። "ያን ቀን 'አይቻለሁ' ያልከኝ ምኑን ነው? መብራት አልነበረም እኮ።"

"ያየሁትማ ማክሰኞ ነው" አለ ሳቅ ብሎ። "የእትዬ አስካለን ነጠላ ይዘህ ስትሮጥ። ሴትየዋ 'ልጅዎ ደህና ነው?' እስኪሉኝ ድረስ። ወደ እኔ ሱቅ አንድ ቀን ሮጠህ መጥተህ አታውቅም። ያኔ ነው የቆረጥኩት።"

"ታዲያ ከቆረጥክ፣ ያን የሚያህል ቀን ሱቅ ዘግተህ ምን አስቀመጠህ?"

"ላየው ፈልጌ ነዋ!" አለ፤ ቁጣ ቢጤም ነበረበት። "ጥለት ሠራሁ አላልከኝም? መብራቱ እምቢ አለ እንጂ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን መጠበቅ የአባት ትዕግሥት አድርጌ ነበር የያዝኩት፤ እንዳላፍር ብሎ የተቀመጠልኝ። የሸማ ነጋዴ ነው፤ ልጁ በመብራት የሠራውን ጥለት ማየት አምሮት ነበር። ይህ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ተመልሶ እንዲያየው አንድ ቀን አልጠራሁትም፤ ያየ መስሎኝ። አሁን እንኳን ማሽኑ፣ ዐይኑም የለም።

"በል ንገረኝ" አለ። "ከዳር ምን አደረግክበት?" አለና ራሱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ሸማኔዎቹ፣ ዐይኖቹን ጨፈነ።

"ከዳር ቅጠልያ" አልኩት። "ጠበብ ያለ።"

"እሺ።"

"ቀጥሎ ወርቃማ። የቅጠልያውን እጥፍ ይሆናል።"

"እሺ።"

"ከእሱ ቀጥሎ ቀይ።"

"ወዲያው ቀይ?" ግንባሩን ቋጠረ። "ይጋፋሉ። መሃላቸው አንድ ጥቁር ክር አላስገባህም?"

"አላስገባሁም።"

"እኔ ብሆን አስገባ ነበር። ይሁን።"

ወጥ ቤት ውስጥ ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ማጉረምረም ጀመረ።

"መጣ" አለ አባቴ።

"መጣ" አልኩት።

"ቀጥል እንግዲህ።"